አዲሱን ሰዓት ተዉት

ስማርት ሰዓት የእጅ ላይ ሐኪም ነው፣ አዲሱ ሞዴል ደግሞ ከአሮጌው የተሻለ ሐኪም ነው የሚለው እምነት ከአዲስ አበባ አልፎ ላስታ ላሊበላ ድረስ ዘልቋል። ውጭ አገር የሚኖር ልጅ ላሊበላ ላሉት አባቱ ስጦታ ሲያስብ ቀድሞ የሚመጣለት ሰዓቱ ነው፤ ልባቸውን ይከታተልልኛል ብሎ ያምናል። በአስጎብኚነት የሚሠራው ወጣትም በእጁ ያለው ሰዓት ምንም ሳይጎድለው የዘንድሮው ወጣ ሲባል የዓምናው ያስጠላዋል። ነጋዴው ይህን ያውቃል። በየቴሌግራም ቻናሉ የሚለጠፈው ማስታወቂያ የደም ግፊቱን፣ የደም ስኳሩን፣ ኦክስጅኑን፣ እንቅልፉንና ጭንቀቱን ሁሉ ከአንድ ሰዓት ታገኛላችሁ እያለ ይዘረዝራል።

ይህ እምነት ስህተት ነው። ጉዳቱ ገንዘብ በማባከን ብቻ ቢያበቃ ኖሮ ብዕር ባላነሣሁ ነበር። ለወላጆቻችን ጤና የምንመድበውን ጥቂት ገንዘብ፣ ከገንዘቡም በላይ ሐሳባችንን፣ ዕድሜያቸውን ከሚያሳጥረው ሕመም ላይ አንሥቶ ሌላ ቦታ ያስቀምጠዋል። ስለዚህ ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። የሚሠራ ስማርት ሰዓት ያለው ሰው እስኪያልቅ ድረስ ያድርገው፤ በአዲስ አይለውጠው። ለወላጅ ጤና ብሎ ሊገዛ የተነሣ ግን ሰዓቱን ይተወውና ክንድ ላይ የሚታሰረውን የደም ግፊት መለኪያ ይግዛ።

ሰዓቱ ምንም አይረባም ከሚሉት ወገን አይደለሁም። እ.ኤ.አ. በ2019 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን የታተመው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲና የአፕል ጥናት አሜሪካ ውስጥ ከ419 ሺህ በላይ ሰዎችን በሰዓታቸው በኩል ተከታትሏል። የልብ ምታቸው ሥርዓቱን እንደሳተ ማስጠንቀቂያ የደረሳቸው 0.52 በመቶ ብቻ ናቸው። ከእነዚህ መካከል ደረት ላይ የሚለጠፈውን መመዝገቢያ አድርገው ከመለሱት 450 ሰዎች 34 በመቶው ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ተገኝቶባቸዋል። ይህ የላይኛው የልብ ክፍል ያለ ሥርዓት እየተርገበገበ ደም እንዲረጋ የሚያደርግ፣ የረጋው ደም ወደ አንጎል ሲሄድም ስትሮክ የሚያመጣ ሕመም ነው። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ለሚኖሩ፣ ስድሳ ዓመት ላለፋቸው፣ የጤና መድን ላላቸውና ሰዓቱ ባስጠነቀቃቸው በሳምንቱ የልብ ሐኪም ዘንድ ለሚደርሱ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ሊሆን ይችላል።

ላስታ ላይ ያለው የልብ ነገር ሌላ ነው። በአገራችን ልጆችንና ወጣቶችን ከሚጥሉት የልብ ሕመሞች ግንባር ቀደሙ ሩማቲክ የሚባለው ነው። አነሣሡ ከጉሮሮ ነው። ልጅ ቶንሲል ይታመማል፤ ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ያመጣው ሕመም ሳይታከም ይቀራል፤ ሰውነት ባክቴሪያውን ሲዋጋ የራሱን የልብ በሮች፣ ቫልቮቹን፣ አብሮ ይጎዳል። ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ዓመታት አልፈው ልጅቷን ዳገት መውጣት ሲያቅታት፣ ወይም በእርግዝናዋ ወራት ትንፋሽ ሲያጥራት ነው። መከላከያው ርካሽ ነው፤ ጉሮሮ በታመመ ጊዜ ፔኒሲሊን፣ ልብ ከተነካ በኋላ ደግሞ በየአራት ሳምንቱ ገደማ የሚወጋ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን። ሰዓቱ ከዚህ ሁሉ ውስጥ የለበትም። አፕል ራሱ የልብ ምት መዛባት ማስጠንቀቂያው ከ22 ዓመት በታች ላለ ሰው እንዳልተሠራ ጽፎ አስቀምጧል፤ የሩማቲክ ጉዳት ግን የሚጀምረው በትምህርት ቤት ዕድሜ ነው። ጉሮሮውን ያመመውን ልጅ እንጥል ወደሚቆርጥ ሰው ከመውሰድ ይልቅ ጤና ጣቢያ ያደረሰ ወላጅ፣ የትኛውም ሰዓት ሊሰጠው የማይችለውን ጥበቃ ለልጁ ልብ ሰጥቷል።

ኦክስጅኑስ? ላሊበላ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር ይበልጣል። አየሩ ስስ ነውና የኦክስጅን መጠን የሚያሳይ ሰዓት ለዚህ አገር የተሠራ ይመስላል። ይሁንና የደጋው ሰው ገላ የራሱ ሥርዓት አለው። የኬዝ ዌስተርን ሪዘርቭ ዩኒቨርሲቲዋ ሲንቲያ ቢል ከባልደረቦቿ ጋር በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 የአማራ ደገኞችን መርምራ እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተመችው ጥናት አማካይ የኦክስጅን ሙሌታቸው 95.3 በመቶ፣ ሄሞግሎቢናቸውም ባሕር ጠለል ላይ እንደሚኖር ሰው ሆኖ አግኝቶታል። የአንዲስ ደገኞች ሄሞግሎቢናቸው ይጨምራል፤ የቲቤቶቹ ኦክስጅን ይቀንሳል፤ የኛዎቹ ሁለቱንም አላሳዩም። ከባሕር ዳርቻ ከተማ በአውሮፕላን መጥቶ ላሊበላ ያደረ እንግዳ ግን የመጀመሪያው ሌሊት ላይ ሰዓቱ 90 ቢያሳየው ሊደነግጥ ይችላል፤ የሆነው ነገር ሰውነቱ ገና ከፍታውን አለመልመዱ ነው። አባትዬው ደግሞ በብርድ የቀዘቀዘ እጃቸው ላይ ሰዓቱ ዝቅ ያለ ቁጥር ቢያሳያቸው ያልታመሙትን ሕመም ይፈራሉ።

የቆዳ ቀለም ጉዳይም አለ። መሣሪያው የሚሠራው ብርሃን ወደ ቆዳ ልኮ የሚመለሰውን በማንበብ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ባወጡት ጥናት፣ በሆስፒታል ጣት ላይ የሚደረገው መለኪያ ሳያሳየው የቀረው የኦክስጅን እጥረት ከነጭ ታካሚዎች ይልቅ በጥቁር ታካሚዎች ላይ ወደ ሦስት እጥፍ በዝቶ ተገኝቷል። የሆስፒታሉ መሣሪያ እንዲህ ከሳተ፣ እየተንቀሳቀሰ ከእጅ አንጓ ላይ የሚያነብበው ሰዓት ከዚያ የተሻለ እምነት የሚጣልበት በምን ሒሳብ ነው? አምራቾቹ የኦክስጅን ቁጥሩ ለሕክምና እንደማያገለግል በመመሪያቸው ላይ አስፍረውታል። ሻጩ ግን ያንን ገጽ አያነብላችሁም።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የወላጆቻችንን ዕድሜ ሳይሰማ ሳይታይ የሚያሳጥረው የደም ግፊት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ30 እስከ 79 ዓመት ባለው ዕድሜ ውስጥ 1.4 ቢሊዮን ሰዎች ግፊት እንዳለባቸው፣ 44 በመቶዎቹም ሕመሙ እንዳለባቸው እንደማያውቁ ይገምታል። በኢትዮጵያ የተደረጉ ጥናቶችን አሰባስቦ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ግምገማ ደግሞ ከአምስት አዋቂዎች አንዱ ገደማ ግፊት እንዳለበት አሳይቷል። ግፊት የከተሜ በሽታ ነው የሚለውን የቆየ አነጋገር ትተን እንየው። ግፊት ያለበት ሰው ዳገት ይወጣል፣ ያርሳል፣ ቅዳሜ ገበያ ሄዶ ይመለሳል፤ ምንም አይሰማውም። አንድ ቀን አፉ ወደ ጎን ይሄዳል፣ ግማሽ ጎኑ ይሰንፋል፤ ያኔ ጎረቤት ቃሬዛ ይዞ ይወጣል።

ስማርት ሰዓቱ ይህን ያውቃል ወይ? የሳምሰንግን እንውሰድ። በተፈቀደባቸው አገሮች የግፊት ቁጥር የሚሰጡ ሰዓቶች አሉት፤ ነገር ግን ቁጥሩ እንዲታመን ባለቤቱ በየ28 ቀኑ በክንድ መለኪያ እየለካ ሰዓቱን ማስተካከል አለበት። የአፕል ደግሞ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 የግፊት ማስጠንቀቂያ ይዞ መጣ፤ ብዙ ሰው ጉድ አለለት። ማስጠንቀቂያው ግን ቁጥር አይሰጥም። የሠላሳ ቀን ምልክት ይሰበስብና ግፊት ሊኖርብህ ይችላል ይላል፤ ከዚያም በክንድ መለኪያ ሰባት ቀን ለካና ለሐኪምህ አሳይ ብሎ ይመክራል። ለነፍሰ ጡር አልተሠራም። ግፊት እንዳለበት ቀድሞ ለታወቀ ሰውም አልተሠራም። እንግዲህ ግፊት እንዳላቸው ከታወቀ ዓመታት ያለፋቸው አባት እጅ ላይ ይህ ማስጠንቀቂያ ሥራው ምንድን ነው? እውነት ለመናገር ሁዋዌ ዋች ዲ የሚባለው ማሰሪያው ውስጥ የሚነፋ ከረጢት ስላለው በትክክል ይጨምቃል፤ እሱም ቢሆን የክንዱ መለኪያ እጅ አንጓ ላይ ወርዶ ነው። በየትኛውም በር ግቡ፣ የምትወጡት ክንድ ላይ ከሚታሰረው መሣሪያ ዘንድ ነው። ታዲያ ለምን ከሱ አንጀምርም?

ዋጋውን ተመልከቱ። የአፕል ሲሪዝ 11 ሰዓት አሜሪካ ውስጥ ከ399 ዶላር ይጀምራል። የታወቀ፣ ትክክለኛነቱ የተመረመረ የክንድ መለኪያ ከ50 ዶላር በታች ይገኛል። በአንድ ሰዓት ዋጋ ሰባት ስምንት ቤት መለኪያ ይገባል ማለት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ገበያ ላይ ከተለቀቀ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አልፏል፤ ሰዓቱ በብር ከ40 ሺህ በላይ ነው። ለግፊት በብዛት የሚታዘዘው አምሎዲፒን ደግሞ በቀን አንድ ፍሬ የሚዋጥ ርካሽ መድኃኒት ነው። ይህን ሒሳብ ጎን ለጎን አስቀምጦ ሰዓቱን የሚመርጥ ልጅ፣ ፍቅሩ እውነተኛ ቢሆንም ገንዘቡ ቦታውን ስቷል።

አጠቃቀሙም ቀላል ነው። ሰውየው አምስት ደቂቃ አርፈው፣ ጀርባቸውን አስደግፈው፣ ክንዳቸውን በልብ ትክክል አስቀምጠው፣ ሳይናገሩ ይለካሉ። ቡና ከጠጡ ግማሽ ሰዓት ይቆዩ፤ እኛ ቤት ቡናው ሦስት ስለሆነ ጠዋት ከቡናው በፊት መለካት ይሻላል። ሁለቴ ይለኩ፣ ደብተር ላይ ይጻፉ። ቁጥሩ በተደጋጋሚ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። ስምንተኛ ክፍል የደረሰ የልጅ ልጅ ይህን ሁሉ ያለ ችግር ይሠራዋል።

በርካሽ ዋጋ የሚሸጡትን ሰዓቶች ሳላነሣ አላልፍም። አልትራ የሚል ስም ተለጥፎባቸው መርካቶም ወልድያም በየመደርደሪያው የሞሉት የዝነኞቹ አምሳያዎች ግፊትና ስኳር እንለካለን ይላሉ። ብዙዎቹን ዳቦ ላይ ብታስሯቸው የልብ ምት ቁጥር ያወጣሉ፤ ብርሃኑ ከየትም ይመለስ ከየት አንድ ቁጥር መጻፍ ተምረዋልና። ስለ ስኳሩ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 በግልጽ ተናግሯል፤ ቆዳ ሳይበሳ በራሱ የደም ስኳር እለካለሁ ለሚል ሰዓትም ሆነ ቀለበት ፈቃድ አልሰጠሁም፣ አትጠቀሙበት ብሏል። ይህ ማስጠንቀቂያ በአማርኛ በየገበያው ሊነበብ ይገባዋል። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው የሐሰት ቁጥር አይቶ መጠኑን ቢለውጥ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላልና እዚህ ላይ ለስለስ ያለ ቃል የለኝም። ይህን ዕቃ የስኳር መለኪያ ብሎ ለታመመ ሰው የሚሸጥ ነጋዴ ወንጀል እየሠራ ነው።

ከዚያ ደግሞ መብራቱ አለ። ጦርነቱ በ2013 መጨረሻ ላሊበላ ሲደርስ ከተማዋ ለወራት ያለ መብራት ቆይታለች። ከነሐሴ 2015 ጀምሮም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ በቡልብላ፣ በመቄት አምባዎችና በአቡነ ዮሴፍ ግርጌ ባሉ መንደሮች ብዙ ቤት ዛሬም የሚያየው የፀሐይ መብራት ብቻ ነው። በየዕለቱ ቻርጅ የሚፈልግ ሰዓት እንዲህ ባለ ቤት ጥቂት ቀን ሠርቶ መሳቢያ ውስጥ ይገባል። ከዚህም በላይ የአፕሉ ሰዓት ገና ለመክፈት አይፎን ይፈልጋል፤ ባለ ቁልፍ ስልክ የያዙ አባት እጅ ላይ ከጌጥ አያልፍም። የክንዱ መለኪያ የሚሠራው ግን በብዛት በአራት የባትሪ ድንጋይ ነው። የባትሪ ድንጋይ ደግሞ ከሱቅ ይገኛል።

እስካሁን ያልኩት ለጤና ተብሎ ስለሚገዛው ነው። በእጁ አሮጌ ስማርት ሰዓት ላለው ሰው የምለው የተለየ ነው፤ አውጥተህ አትጣለው። ላሊበላ ላይ አሮጌው ሰዓት የሚሠራው፣ አዲሱም አስበልጦ የማይሠራው አንድ ትልቅ ሥራ አለ፤ እሱም ሰዓት መቁጠር ነው።

የላሊበላ አስጎብኚ በሁለት ሰዓት መካከል ይኖራል። እንግዳው ጠዋት 9 ሰዓት እንገናኝ ይለዋል፤ ወደ አሸተን ማርያም የሚያወጣው ባለ በቅሎ 3 ሰዓት ላይ እመጣለሁ ይለዋል፤ ሁለቱ የሚናገሩት ስለ አንድ ቅጽበት ነው። የአውሮፕላኑ ትኬት በ24 ሰዓት አቆጣጠር ተጽፏል፤ የቤተ ክርስቲያኑ አገልግሎት በሀገራችን ሰዓት ነው። ቀኑን ሙሉ በጭንቅላት ስድስት እየደመሩና እየቀነሱ መኖር ሰውን ያደክማል፤ አንድ ስህተትም የእንግዳ በረራ ያሳልፋል። ስማርት ሰዓት ሰዓቱን ከስልክ ስለሚወስድ እንደ ድሮው ቁልፉን ጠምዝዞ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ መመለስ አይቻልም። መፍትሔው ግን በብዙ አሮጌ ስማርት ሰዓቶች ውስጥ አለ። የዓለም ከተሞችን ሰዓት የሚያሳየው ቦታ ላይ ቦነስ አይረስን ምረጡ፤ አቆጣጠሩንም በ12 ሰዓት አድርጉት። ኢትዮጵያ ከግሪንዊች በ3 ሰዓት ትቀድማለች፤ ቦነስ አይረስ በ3 ሰዓት ትዘገያለች፤ ልዩነቱ ልክ ስድስት ሰዓት ነው። አርጀንቲና በበጋና በክረምት ሰዓቷን ስለማትቀያይር ዓመቱን ሙሉ አይዛነፍም። የላሊበላ ጠዋት 3 ሰዓት ቦነስ አይረስ ላይም 3 ሰዓት ሆኖ ይነበባል። ቀኑም የሚለወጠው በኛ ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ ጎህ ሲቀድ ነው። ከትልቁ ሰዓት ሥር በትንሹ የሀገር ሰዓት ይቀመጣል፤ አስጎብኚው እንግዳውንም ባለ በቅሎውንም በአንድ ዓይን ያያል። ለዚህ ሲሪዝ 11 አያስፈልግም። የዛሬ ስምንት ዓመት የተገዛው ይበቃል።

ሌላም አለ። ሌሊት ለኪዳን የሚነሣ ዲያቆን ማንንም ሳይቀሰቅስ በእጁ ላይ በሚንቀጠቀጥ ደወል ይነሣል። የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ እናት በየማታው በአንድ ሰዓት ላይ ንዝረቱ ያስታውሳቸዋል፤ መድኃኒት መርሳት ግፊትን ለመቆጣጠር ከሚያስቸግሩት ነገሮች ዋነኛው ነውና ይህ ጥቅም ሰዓቱ ስለ ልብ ከሚያወጣው ቁጥር ሁሉ ይበልጥብኛል።

እርምጃ መቁጠሩን ግን ብዙ አትመኑት። የ10 ሺህ እርምጃ ግብ የመጣው ከምርምር ቤት ሳይሆን እ.ኤ.አ. በ1965 ጃፓን ውስጥ ለገበያ ከቀረበ የእርምጃ መቁጠሪያ ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የሃርቫርዷ አይ-ሚን ሊ አማካይ ዕድሜያቸው 72 የሆነ ከ16 ሺህ በላይ ሴቶችን ተከታትላ ጥቅሙ ከ4,400 እርምጃ አካባቢ እንደሚታይና 7,500 ገደማ ላይ ሲደርስ ብዙም እንደማይጨምር አሳይታለች። ሰዓቱ የሚቆጥረው ደግሞ የእጅን ውዝዋዜ ነው። ውኃ በጀርባዋ አዝላ የጄሪካኑን ገመድ ደረቷ ላይ ጨብጣ ዳገት የምትወጣ ሴት እጇ አይወዛወዝምና ድካሟ ሳይቆጠር ይቀራል። በሰሙነ ሕማማት የሚሰገደው ስግደት በሰዓቱ የስፖርት ዝርዝር ውስጥ ቦታ የለውም። ለማኅሌት ያደሩ መሪጌታም ጠዋት ላይ እንቅልፍዎ መጥፎ ነበር ይባላሉ። የላስታ ሰው በቂ መንቀሳቀስ አለመንቀሳቀሱን ለማወቅ የሌላ አገር የቢሮ ሠራተኛን ኑሮ መለኪያ ማድረግ አያስፈልገውም።

አዲሱን የሚመኘው ወጣት ሁለት ነገር ይወቅ። የመጀመሪያው፣ የሲሪዝ 11 ሰዓት የሚሠራው በሲሪዝ 10 ውስጥ ባለው በዚያው ኤስ10 ፕሮሰሰር ነው። ያ ብዙ የተወራለት የግፊት ማስጠንቀቂያም በሶፍትዌር ማሻሻያ ለሲሪዝ 9 እና ለሲሪዝ 10 በነፃ ተሰጥቷል። የዓምናውን የለወጠ ሰው ቀድሞ በእጁ ለነበረ ነገር ከፍሏል። ሁለተኛው ባትሪው ነው። አፕል የሰዓቱ ባትሪ 1,000 ጊዜ ሙሉ ለሙሉ ከተሞላ በኋላም 80 በመቶ አቅሙን እንዲይዝ አድርጌ ሠርቼዋለሁ ይላል። በየቀኑ ቻርጅ ቢደረግ ይህ ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጊዜ ነው፤ በዚያን ጊዜም ሰዓቱ ገና ይሠራል። ሶፍትዌር ማሻሻያ ቢቆምበትም ደወሉ፣ የዓለም ሰዓቱና ንዝረቱ አይቆሙም። መለወጥ የሚገባው ባትሪው ቀን ማዋል ሲያቅተው፣ ወይም ስክሪኑ ተሰብሮ ውኃ ሲያስገባ ነው። በዚያን ጊዜም ቢሆን የላስታ ሰው ቻርጁ ሁለት ሳምንት የሚቆየውን ቀላል ዓይነት ይፈልግ፤ ከዝናው ይልቅ ለዚህ አገር የሚበጀው እሱ ነው።

ሁለት ተቃውሞ እንደሚነሣብኝ አውቃለሁ። አንደኛው፣ የገጠሩ ሰው ለምን ከዘመኑ ወደ ኋላ ይቅር የሚል ነው። ይህን የሚሉ ሰዎች ለወገናቸው ክብር ተቆርቁረው ነውና ንግግራቸውን አልንቅም። ሆኖም ክብር ማለት የሌላውን ዕቃ መያዝ ብቻ አይደለም፤ በትክክል መታከምም ክብር ነው። ላስታ የጎደላት የልብን ምት በቀለም የሚያሳይ ስክሪን አይደለም። የጎደላት ግፊታቸውን በጊዜ ያወቁ አባቶችና እናቶች፣ ሳይቋረጥ የሚገኝ መድኃኒት፣ የማይዘጋ መንገድ ነው። ዘመናዊነት ከእነዚህ ይጀምር።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል። አባቴ መለኪያውን አውጥተው አይለኩም፣ ሰዓቱ ግን ሳያስቡት ይከታተላቸዋል የሚል ነው። እውነት ነው፣ ሽማግሌ ብቻውን ሲኖር ይሰንፋል። ነገር ግን ሰዓት ለአንድ እጅና ለአንድ ስልክ የታሰረ ነው፤ መለኪያው የሰፈር ነው። አንድ እድር አንድ መለኪያ ቢገዛ፣ ሰንበቴው በተሰበሰበበት ቀን አባላቱ ተራ በተራ ቢለኩ፣ አንዱ ወጣት ቁጥሩን ደብተር ላይ ቢጽፍ፣ ያ ደብተር ለጤና ጣቢያው ባለሙያ በአንድ እይታ የሚነበብ ታሪክ ይሆናል። ስልክ ውስጥ የተቆለፈውን የሰዓቱን ሥዕላዊ መግለጫ ባለሙያው አያየውም፣ ቢያየውም መድኃኒት አያዝበትም። ደግሞም እንዲህ ሲሆን ሰው ሰውን ይጠይቃል፤ የእከሌ ግፊት ዛሬም አልወረደም፣ መድኃኒቱን አቋርጦ ይሆን ብሎ የሚጠይቅ ጎረቤት ይኖራል።

ስለዚህ ከዋሽንግተንም፣ ከፍራንክፈርትም፣ ከሪያድም፣ ከአዲስ አበባም ለታኅሣሥ 29 ወደ ላሊበላ የምትመጡ የላስታ ልጆች፣ ሰዓቱን ተዉት። የአባታችሁንና የእናታችሁን ክንድ ዙሪያ በስልክ አስለክታችሁ ልኩ የሆነ የክንድ መለኪያ ግዙ፤ ከቻላችሁ ለእድሩም አንድ ጨምሩ። መጥታችሁ ራሳችሁ ለኩላቸው፣ ጎረቤት ያለውን ልጅ አሳዩት። ቁጥሩ ከፍ ካለ በዓሉ እስኪያልፍ አትጠብቁ፤ ጤና ጣቢያ ውሰዷቸው። ስትመለሱም የመድኃኒታቸውን የወራት ዋጋ ለመድኃኒት ቤቱ አስቀድማችሁ ከፍላችሁ ሂዱ።